ፊትና ክንድ

ሰው በዕድሜው ሁለት ነገር ይሰበስባል። አንደኛው በልቡ የሚያኖረው ትዝታ ነው፤ ሁለተኛው በፊቱ ላይ የሚሠመረው ሽብሽብ ነው። ትዝታውን ለወደደው ሰው ብቻ ይገልጠዋል፤ ሽብሽቡን ግን ቢወድም ባይወድም መንገደኛው ሁሉ ያነብበዋል። የፊት መሸብሸብን ነገር ብዙ ሰው የጌጥ ወዳዶች ጭንቀት አድርጎ ይቈጥረዋል፤ እኔም እንደዚሁ አስብ ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝ በታላቅ እኅቴ ላይ የደረሰው ነገር ስለ ሆነ፥ እርሱኑ ለአንባቢ ላጫውት።

የተወለድነው ሰሜን ሸዋ፥ ሰላ ድንጋይ ነው። ሰላ ድንጋይ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫ የነበረች ጥንታዊት ከተማ ናት። በዚያ ዘመን የመኳንንት ሴቶች በበቅሎ ሲጓዙ ፊታቸውን በሸማ ይሸፍኑ ነበር፤ የገበሬዋ ሴት ግን ፀሐዩንም ነፋሱንም በባዶ ፊቷ ትቀበል ነበር። እኅቴም ከእነዚህ ከኋለኞቹ ወገን ናት። እናታችን በሞተች ጊዜ እርሷ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፥ እኔ ደግሞ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበርሁ። ከዚያ ወዲያ የበግ ጠጉር እየፈተለች፥ በገበያ ቀንም ገብስና ጌሾ በሜዳ ላይ ዘርግታ ከጧት እስከ ማታ እየተቀመጠች አሳደገችኝ፤ ደብተሬንና ልብሴን የገዛችልኝ ከዚያው ከገበያው ባገኘችው ሳንቲም ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ ልጄን ስድር እኅቴ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ከዕድምተኞቹ አንዱ ወደ እኛ ቀርቦ እጅ ነሣና «እናትዎን በማየቴ ደስ አለኝ» አለኝ። ሰውዬው ለክፋት አልተናገረውም። እኅቴም ከሌሎቹ ጋር አብራ ሳቀች። ማታ ግን እንግዳው ከተበተነ በኋላ «አንተ የከተማ ሰው ነህና፥ እስቲ ይህን ፊቴን የሚያቀናልኝ መድኃኒት ፈልግልኝ» አለችኝ። በሕይወቷ ሙሉ ለራሷ ብላ የለመነችኝ ነገር ይህ ብቻ ስለ ነበረ፥ በማግሥቱ ከአንድ መደብር ገብቼ በሁለት ሳምንት ፊትን እንደ ልጅ ፊት ያደርጋል የተባለ ቅባት ገዛሁላት። በዕቃው ላይ የተጻፈውን እንኳ አላነበብሁም። የተማርሁት እኔ፥ ማንበብ የሚገባኝም እኔ ነበርሁ!

በመጀመሪያው ወር ፊቷ ጠርቶ ጎረቤት አደነቀላት። በሦስተኛው ወር ግን ጉንጯ ቀላ፤ ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይታዩባት ጀመር፤ ፀሐይ ላይ ስትወጣ እንደ እሳት ያቃጥላት ነበር። ቅባቱን ስትተወው ይብስባታል፤ ስትቀባው ለጊዜው ይተዋታል። ደንግጬ ወደ አዲስ አበባ አስመጣኋትና ወደ ቆዳ ሐኪም ይዣት ሄድሁ።

ሐኪሙ ዕቃውን አንብቦ፥ በውስጡ ብርቱ የሆነ የስቴሮይድ መድኃኒት እንዳለ ነገረን። ይህ መድኃኒት ለአንዳንድ የቆዳ በሽታ በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ሲሰጥ እጅግ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ለወራት ፊት ላይ ቢቀቡት ቆዳውን ያሳሳዋል፥ የደም ሥሩን ያሰፋዋል፥ ሰውየውም ያለ እርሱ መኖር እንዳይችል ያደርገዋል። ለመሸብሸብ መድኃኒት ነው ብዬ ያመጣሁት ነገር ቆዳዋን ይበልጥ የሚያደክም ነበር።

ሐኪሙ ይህን ከነገረን በኋላ «እስቲ እጅጌዎን ወደ ላይ ይሰብስቡልኝ» አላት። ሰበሰበች። ከክንዷ በላይ፥ በውስጥ በኩል፥ ልብስ ዘወትር የሚሸፍነው ቆዳ ልስልስና ለጥ ያለ ነበር። እኅቴ ክንዷን አየች፤ በግድግዳው ላይ በተሰቀለው መስተዋት ደግሞ ፊቷን አየችና «ዕድሜ ከሆነ ያሸበሸበኝ፥ ክንዴም ከፊቴ እኩል የተወለደ ነው!» አለች። ሐኪሙ ስቆ «እኔ ልነግርዎ ያሰብሁትን ነገሩኝ» አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆዳችንን አጥብቀው የሚይዙት ኮላጅንና ኢላስቲን የሚባሉ ጭረቶች ናቸው። ኮላጅን ሰው ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ በያመቱ አንድ በመቶ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሴቶችም የወር አበባ ከቆመባቸው በኋላ በሚከተሉት ዓመታት ቅነሳው ይፈጥናል። ይህ የዕድሜ ድርሻ ስለ ሆነ ማንም አያመልጠውም። ከዚህ ሌላ ግን አልትራቫዮሌት የሚባለው የፀሐይ ጨረር እነዚህን ጭረቶች ይበጣጥሳቸዋል፤ ከጨረሩም አንዱ ወገን ደመናንና የመስኮት መስተዋትን አልፎ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ሰውዬው 69 ዓመቱ ሲሆን 28 ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል፤ በመስኮቱ በኩል የነበረው የግራ ጉንጩ ተሸብሽቦ ሲታይ ቀኙ ግን የብዙ ዓመት ታናሽ ይመስላል።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች ደግሞ አንድ የሚያታልለን ነገር አለ። እርሱም ብርዱ ነው። ነፋሱ ስለሚያበርደን ፀሐዩ የማይጎዳን ይመስለናል። ዳሩ ግን የሚያሸበሽበው ጨረር ሙቀት አይደለምና ብርድ አያስቀረውም፤ እንዲያውም ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ኃይሉ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፥ የዚያ አገር ሰው ምን ያህል እንደሚቀበል ማስላት አያዳግትም። የጠቆረ ቆዳ ከነጣው ይልቅ በተፈጥሮው የተሻለ መከላከያ አለው፤ መሸብሸቡም ይዘገይለታል፤ ይሁን እንጂ ፈጽሞ የሚከልል ጋሻ አይደለም። በዚህ ላይ የትንባሆ ጢስ ቆዳን ያስረጃል፤ በየማጀቱ የሚጨሰው የኩበትና የእንጨት ጢስም እንደሚያስረጅ እ.ኤ.አ. በ2015 በቻይና ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት አመልክቷል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በአውስትራሊያ 903 ሰዎች ለአራት ዓመት ተኩል የተከታተሉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሞ ነበር። በዚያም የፀሐይ መከላከያ ቅባት በየቀኑ እንዲቀቡ የተደረጉት፥ እንደ ፈቀዳቸው ከተቀቡት ይልቅ የቆዳቸው እርጅና በ24 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ቅባቱን መግዛት ለሚችል ሰው ይህ መልካም ነው። ለማይችለው ግን ዙሪያው ሰፊ የሆነ ባርኔጣ፥ ጃንጥላ፥ ወደ ግንባር ዝቅ ብሎ የተከናነቡት ነጠላና የዛፍ ጥላ አሉለት። እናቶቻችን የሚቀቡት ቅቤም ሆነ ቫዝሊን የቆዳውን እርጥበት ይዞ ያለሰልሰዋል፥ ድርቀት ያመጣውንም ቀጫጭን መስመር ያደበዝዛል፤ ፀሐይን ግን አይከለክልም። የተሸበሸበውን በመጠኑ የሚያቀና ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ ትሬቲኖይን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ውጤቱ የሚታየው ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ ለነፍሰ ጡርም አይፈቀድም። ስለዚህ ከመደብር በፊት ሐኪም ይቅደም። በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው አለርት ዛሬ በቆዳ ሕክምናው የታወቀ ሆስፒታል ነው።

እኅቴ ቅባቱን በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ተወችው። ቃጠሎው ከብዙ ወራት በኋላ ለቀቃት፤ ከደም ሥሮቹ ግን አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ አሉ። ባለፈው ዓመት በገበያ ቀን ሰላ ድንጋይ ስደርስ፥ ባርኔጣ ደፍታ፥ በአራት እንጨት ላይ ሸራ ወጥራ ከሥሩ ተቀምጣ አገኘኋት። በአጠገቧም ገና ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ሁለት ልጃገረዶች ሽንኩርታቸውን ይዘው ተጠግተዋል። «እኔስ የሆንሁትን ሆኛለሁ፤ እነዚህ ግን ገና ናቸው» አለችኝ። ዙሪያውን ብመለከት ግን ጥላ የሌላቸው ሴቶች ብዙ ነበሩ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ገበያን የሚያደራጅ ሹም ለሻጮቹ ዳስ ቢያስብ፥ መምህር ተማሪዎቹን በቀትር ፀሐይ ባያቆም፥ ተማሪም በደጁ አንድ ዛፍ ቢተክል፥ በመደብር ከሚሸጠው ቅባት ሁሉ የበለጠ ሥራ ሠሩ ማለት ነው። የፊቱን መስመር የሚጠላ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም፤ ሲሆን ሲሆን አስቀድሞ ይጠብቀው። እኔ ግን የእኅቴን ፊት ባየሁ ቁጥር ያ ዕድምተኛ ትዝ ይለኛል። «እናትዎ» ባለኝ ጊዜ ተቈጥቼበት ነበር። አሁን ሳስበው ግን ሰውዬው አልተሳሳተም፤ የትምህርቴን ዋጋ የከፈለችው በዚያው ፊቷ ነውና።