ምኞትና ውድቀት

ሰው ያለ ምኞት አይኖርም። ገበሬው አዝመራው እንዲያምርለት፣ ተማሪው ፈተናውን እንዲያልፍ፣ ሹሙም ከያዘው ወንበር ወደሚበልጠው እንዲወጣ ይመኛል። ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ የታላላቅ ቲያትር ደራሲያን ምኞትን የጀግና መውደቂያ አድርገው የሚያሳዩን ስለ ምንድን ነው? የሚመኝ ሁሉ ይወድቃልን? ይህን ጥያቄ ያነሣነው ለጨዋታ ያህል አይደለም። በምንኖርበት በአስኮ ሰፈር አንድ ተማሪ የማክቤዝን ታሪክ አንብቦ ሲያበቃ፣ «እንግዲያው ትልቅ ነገር መመኘት ኃጢአት ነው ማለት ነው?» ብሎ ጠይቆናል። መልሱ በአንድ ቃል የሚያልቅ ሆኖ አላገኘነውም።

አስኮ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሆለታና ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ሰፈር ናት። ሼክስፒርን ለአማርኛ ተመልካች ካስተዋወቁት ሰዎች ዋነኛው፣ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ በ1928 ዓ.ም. የተወለዱት በዚሁ አቅጣጫ፣ በአምቦ አካባቢ ቦዳ በሚባለው ስፍራ ነው። ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን ወደ አማርኛ የመለሱት፣ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስም ቲያትር የጻፉት እኒሁ ደራሲ ናቸው። አንድ ብዕር የስኮትላንዱን ማክቤዝንና የቋራውን ካሣን መንካቱ እንዲያው ያጋጣሚ ነገር አይመስለንም። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ለሚመለከታቸው ሰው ብዙ የሚያነጋግር ነገር አለና።

ማክቤዝ በመጀመሪያ ክፉ ሰው አልነበረም። ለንጉሡ የተዋጋ፣ ስሙ በጀግንነት የተነሣ የጦር አለቃ ነበር። ሦስት ጠንቋዮች ንጉሥ እንደሚሆን ነገሩት። ትንቢቱ ግድያ አላዘዘውም፤ የገዛ ልቡ ግን አላስቀምጥ አለው። በቤቱ በእንግድነት ያደረውን ንጉሥ ዳንከንን በተኛበት ገደለ። ከዚያም በዘውዱ ላይ ዕረፍት ስላጣ ወዳጁን ባንኮን አስገደለ፤ ቀጥሎም የማክደፍን ሚስትና ልጆች አስፈጀ። የመጀመሪያውን ደም ለመሸፈን ሁለተኛው አስፈለገ፤ ሁለተኛውም ሦስተኛውን ጠራ። በመጨረሻ አክብሮት የሌለው ዙፋን፣ እንቅልፍ የሌለው ሌሊት ብቻ ቀረለት።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገር ነበር። ካሣ ኃይሉ ይህን ስም መረጡ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው በደረስጌ ማርያም ዘውድ ጫኑ። ያች ቤተ ክርስቲያን ውቤ ራሳቸው ሊነግሡባት ያሠሯት ነበረች። የአንዱ ምኞት ያዘጋጀው ድግስ ለሌላው ሆነ።

ነገር ግን የዐፄ ቴዎድሮስ ምኞት ከማክቤዝ ምኞት ጋር አንድ ነው ብንል በደል እንሠራለን። ማክቤዝ የተመኘው ዘውዱን ብቻ ነው፤ ዘውዱን ካገኘ በኋላ ምን እንደሚሠራበት አላሰበም። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን በመሳፍንት የተከፋፈለችውን አገር አንድ ለማድረግ፣ መንገድ ለማውጣት፣ በጋፋት መድፍ ለማሠራት ተመኙ። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ሰባ ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር ይባላል። ያን የሚያህል ብረት በሰው ጉልበት ዐቀበትና ቁልቁለቱን አልፎ መቅደላ መድረሱ፣ የምኞታቸው ታላቅነትና የድካማቸው ብዛት ባንድነት የሚታይበት ነው።

ታዲያ እኒህ ሰው ስለ ምን ወደቁ? ጠላታቸው መብዛቱ፣ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር መጣላታቸው፣ የካህናቱን መሬት መንካታቸው ሁሉ ምክንያት ነው። እኛ ግን አንድ ነገር እንጨምራለን። ምክራቸውን ይሰሙላቸው የነበሩት እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ዐረፉ። ወዳጃቸው ዮሐንስ ቤልም ጥቂት ዘግይቶ በጦርነት ሞተ። ዘውድ የደፉላቸው አቡነ ሰላማ የመቅደላ እስረኛ እንደ ሆኑ ሕይወታቸው አለፈ። «ይህስ ይቅር፣ ግርማዊ ሆይ» ሊል የሚደፍር ሰው ከአጠገባቸው ጠፋ። በመጨረሻዎቹ ቀናት እስረኞች ወደ ገደል ሲወረወሩ ቁጣን የሚመልስ አፍ አልተገኘም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በገዛ እጃቸው ሞቱ።

ማክቤዝም እንዲሁ ነው። ንጉሡን ከመግደሉ በፊት ከሚስቱ ጋር ይመክር ነበር፤ ምክሩ ክፉ ቢሆንም ምክር ነበር። ባንኮን ሲያስገድል ግን ለእርሷም አልነገራትም። ከዚያ ወዲያ የሚያነጋግረው ከጠንቋዮቹ በቀር ማንም አልነበረም፤ እነርሱም የሚወደውን እየነገሩ ያታልሉታል።

ስለዚህ ጀግናውን የጣለው የምኞቱ ታላቅነት አይመስለንም፤ ምኞቱ ጆሮውን መድፈኑ ነው እንጂ። በየመሥሪያ ቤታችንም ይህንኑ በትንሹ እናያለን። አንድ ሰው ከጸሐፊነት ወደ ክፍል ሹምነት፣ ከዚያም ወደ ዲሬክተርነት ይወጣል። በወጣ ቁጥር «ተሳስተሃል» የሚለው ሰው ይቀንሳል፤ «እንዳሉት ነው» የሚለው ይበዛል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረትም በጆሮው ሹክ ይለዋል። ያን ጊዜ የሥራው ምኞት ቀስ በቀስ ወደ ወንበሩ ምኞት ይለወጣል፤ ሰውየው ግን መለወጡን አያውቅም፤ የሚነግረው የለምና።

መምህራን ሆይ፣ ማክቤዝን ስታስተምሩ ተማሪው ምኞቱን እንዲያሳንስ አትምከሩት። ድሀ አገር ትንንሽ በሚመኙ ልጆች አይለማም። ይልቅስ፣ ዳንከንን ከመግደል የሚያስቆም አንድ እውነተኛ ወዳጅ ማክቤዝ ቢኖረው ኖሮ ቲያትሩ እንዴት ያልቅ እንደ ነበር ጠይቁት። እናንተም በሹመት ላይ ያላችሁ፣ በቸርችል ጎዳና ስትወርዱ የሴባስቶፖልን አምሳያ ባያችሁ ጊዜ፣ በጉባኤያችሁ መካከል ያለ ፍርሃት የሚቃወማችሁ ማን እንደ ሆነ ስሙን አስቡ። ስሙ ቶሎ ካልመጣላችሁ፣ ነገ ጧት በቢሯችሁ የምትፈልጉት የመጀመሪያው ሰው እርሱ ይሁን።