በእጅ የምትያዘው ትንሽ ፍጥረት

ምሳሌ 30 ከሚጠቅሳቸው አራት ትናንሽ ፍጥረታት አንዷ በእጅ የምትያዘው እንሽላሊት ናት። ይህን ክፍል ሳነብ አሁን አሁን የምትታወሰኝ በካሪቢያን ባሕር፣ በሴንት ቪንሰንትና ግሬናዲንስ አገር፣ በዩኒየን ደሴት የምትኖር ጌኮ የተባለች እንሽላሊት ናት።

ሰውነቷ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን በቀይ፣ በጥቁር፣ በነጭና በቢጫ ያጌጠ ነው። በዓለም ላይ የምትገኘው በዚያች ደሴት ጫካ ብቻ ነው። ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ካሳወቋት በኋላ ግን ውበቷ መከራ አመጣባት። በቤታቸው ሊያኖሯት የሚሹ ሰዎች በገንዘብ ፈለጓት፤ አዳኞችም ድንጋዩንና የወደቀውን ግንድ እየገለበጡ መደበቂያዋን አፈረሱ።

ልቤን የነካው የደሴቲቱ ሰዎች ያደረጉት ነው። ከመካከላቸው ተነሥተው ጫካውን መጠበቅ ጀመሩ። በ2019 ዓለም አቀፍ ንግዷ ተከለከለ። በ2018 ወደ 10,000 የተገመተው ቁጥሯም በ2022 ወደ 18,000 ከፍ አለ። በ2024 ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ የደሴቲቱን ቤቶች ከሞላ ጎደል ሲያፈራርስ ግን ጫካውም፣ ጠባቂዎቹም አብረው ተጎዱ። ስለዚህ ጥበቃው አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም።

በዘፍጥረት 2 ለአዳም የተሰጠው አደራ ገነትን መንከባከብ ነበር። ያ አደራ ዛሬም አልተነሣም። ከዱር የተሰረቀ እንስሳ አለመግዛት፣ በሰፈራችን የቀረውን ዛፍ ማትረፍ የዚሁ አደራ ክፍል ነው። ውብ ነገር ስናይ እጃችን ቶሎ የሚዘረጋው ለመያዝ ነው ወይስ ለመጠበቅ? ጌታ የሚጠብቅ እጅ ይስጠን።