ሁለተኛዋ ወረቀት

ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የክልል ምክር ቤት ተወካያችሁ ማን ይባላል? የፓርላማውን አይደለም፤ እሱንማ በቴሌቪዥን እጁን ሲያወጣ አይታችሁት ይሆናል። ባሕር ዳር ሄዶ የሚቀመጠውን ነው የምላችሁ። ዝም አላችሁ አይደል? ግዴለም፣ ብቻችሁን አይደላችሁም። በምርጫ ቀን ሁለት ወረቀት ይሰጠናል። በመጀመሪያዋ ላይ እንጨነቃለን፤ ሁለተኛዋን ግን ባለሱቅ ጣል እንደሚያደርጋት ምርቃት ቆጥረን፣ ቅድም በመረጥነው ምልክት ላይ ደግመን እንወጣለን።

ደብረ ማርቆስ ለዚህ ጨዋታ የተመቸች ከተማ ናት። ከዚህ የሚመረጡት ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው ነው የሚሄዱት። የፓርላማው በደጀን በኩል ዓባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። የክልሉ ደግሞ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ እንጅባራንና ዳንግላን አልፎ ባሕር ዳር ይደርሳል። ማርቆስ ራሷ የጎጃም ጠቅላይ ግዛት መዲና በነበረችበት ዘመን አቤት የሚል ሁሉ ወደ እሷ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ ተመራጮቿን በሁለት አቅጣጫ ሸኝታ መቀመጥ ሆኗል ሥራዋ።

በሌላው ዓለም የክልል ምክር ቤት ወንበር የፖለቲካ ሰው እንጀራውን የሚጀምርበት ነው። ባራክ ኦባማን እንኳ ብትወስዱ፣ የተነሣው ከኢሊኖይ ክልል ሴኔት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ለዚያ ወንበር ሲወዳደር ተፎካካሪዎቹ ያሰባሰቡትን የድጋፍ ፊርማ አንድ በአንድ አስመርምሮ ሁሉንም ከውድድር አስወጣቸውና ለፓርቲው ዕጩነት ብቻውን ቀረ። ከተባረሩት አንዷ ወንበሩ ላይ የነበረችው ሴት ነበረች። እንዲህ ያለውን ነገር የኛ ሰው ቢያደርገው ስሙ ምን እንደሚሆን እናንተው ታውቃላችሁ። በ2000 ለኮንግረስ ተወዳድሮ ቦቢ ራሽ በሚባል ነባር ተመራጭ ክፉኛ ተሸነፈ፤ በ2004 የአገሪቱ ሴኔት ገባ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። አሸነፈ፣ ወደቀ፣ ተነሣ። የምርጫ ሕይወት ሲባል እንዲህ ነው፤ ሰውየው በስሙ ይቆማል፣ በስሙ ይወድቃል።

የአንድ የጎጃም ተመራጭን ሕይወት እንዲህ አድርጌ ልጻፍ ብል ግን ከየት ልጀምር? ከሁሉም የሚቀርበኝ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ፓርቲ የሚባል ነገር ያልነበረበት የጃንሆይ ዘመን ነው። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት 200,000 ሕዝብ ላለው የምርጫ ክልል ሁለት ሁለት እንደራሴ ፈቀደ። ዕጩው 25 ዓመት የሞላው፣ በዚያው አካባቢ የሚኖርና ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ድሃ አይመረጥም ማለት ነው፤ ያን አንርሳ። ከ1950 መጀመሪያ እስከ አብዮቱ ድረስ በየ4 ዓመቱ 5 ጊዜ ምርጫ ተደረገ። ዕጩው ባላባትም ሆነ ነጋዴ የሚቆመው በገዛ ስሙ ነው። መራጩም የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማንን እንደበደለ፣ ለማን እንዳደረገ አጣርቶ ያውቃል።

በነገራችን ላይ ከጎጃም የምክር ቤት ሰዎች ሁሉ ስማቸው የገነነው ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው፤ እሳቸው ግን የድምፅ ኮሮጆ ወደዚያ አላደረሳቸውም። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል የነበሩት በንጉሠ ነገሥቱ ሹመት ነው። የእንዶዳም ኪዳነ ምሕረቱ ሰው ገበሬ በባላባቱ ላይ ሲነሣ የሚያሳየውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ጎጃም ራሱ ተነሣ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ መጣሁ። በ1960 ፓርላማው አሥራትን ሽሮ በምትኩ የእርሻ ገቢ ግብር የሚጥል አዋጅ አወጣ። ከጎጃም የተመረጡት እንደራሴዎች የሚቀመጡት በዚያው ፓርላማ ውስጥ ነው። ገበሬው ግን የፈራው ገንዘቡን ብቻ አልነበረም። መሬት ሊገምቱ የሚመጡ ሰዎች ነገ በቀላድ ለክተው ርስቴን ይወስዱብኛል ብሎ ነው። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት እምቢ አለ፤ ገማቾቹን አናስገባም አለ፤ መሣሪያ አነሣ። አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ጦር አዘመቱ፤ አውሮፕላን ሳይቀር መጣ።

ገበሬው ከመተኮሱ በፊትም ሆነ በኋላ አቤት ማለቱን አልተወም። አቤት ያለው ግን ለማን ነው? ሽማግሌ መርጦ ወደ ጃንሆይ ላከ። ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። በሕግ የመረጣቸው እንደራሴዎች አዲስ አበባ ተቀምጠው እያለ፣ ሌሎች ተወካዮች መርጦ በእነሱ አጠገብ አሳልፎ ወደ ዙፋኑ ሰደደ። የመጀመሪያው ምርጫ ከንቱ እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ሽማግሌዎቹና ጠመንጃው ያደረጉትን ደግሞ እንደራሴዎቹ ሊያደርጉት አልቻሉም፤ አገረ ገዥው ተነሡ፣ ከ1942 እስከ 1960 ያለው ውዝፍ ግብርም ተማረ።

ዘመን ተለወጠ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ። ክልል ተዋቀረ፤ ሕገ መንግሥቱም የክልል ምክር ቤትን የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል አደረገው። የአማራ ክልል ምክር ቤት 294 ወንበር አለው። በጀት ያጸድቃል፣ ርዕሰ መስተዳድር ይሾማል። ከሁሉ በላይ ግን ለጎጃም ሰው የነፍሱ ያህል በሆነው በመሬት ላይ አዋጅ ያወጣል። በ1989 ያወጣው አዋጅ ቁጥር 16 የመሬት ሽግሽግ ይዞ መጣ። ያኔ «ቢሮክራት» እና «የፊውዳል ርዝራዥ» የተባሉ ገበሬዎች 4 ጥማድ፣ ማለትም 1 ሄክታር ብቻ ቀርቶላቸው የተረፈው ለሌላ ተሰጠ። መሬት ያልነበራቸው ወጣቶችና ሴቶች በዚያ ቀን ማሳ ማግኘታቸውን አልክድም። ግን በቀበሌ ስብሰባ ስም ተለጥፎበት መሬቱን የተነጠቀው ሰው ደግሞ ዛሬም ሲያወራው ድምፁ ይለወጣል።

እና ገበሬው ምን አደረገ? አያቱ ያደረገውን። ባሕር ዳር ያለውን ተወካዩን ትቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ድረስ አቤት ሊል ወጣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም እሱን ደግፈው ሰልፍ ወጡ። በ1960 እና በ1989 መካከል ንጉሥ ወርዷል፣ አብዮት አልፏል፣ ሁለት ሕገ መንግሥት ተጽፏል። የአቤቱታው መንገድ ግን ያው የደጀን መንገድ ነው። ይህን ተራ መገጣጠም ነው የሚለኝ ካለ አልሰማውም። አዋጁን ያወጡት ሰዎች መራጭ ዘንድ ተመልሰው «እንዲህ ብዬ ድምፅ ሰጠሁ» የማለት ግዴታ አልነበረባቸውም። ወንበሩን የሰጣቸው መራጩ ሳይሆን የዕጩ ዝርዝሩን ያዘጋጀው ፓርቲ ነበርና።

አንድ ጊዜ ብቻ ነገሩ ሊለወጥ ዳር ደርሶ ነበር። በግንቦት 1997 ምርጫ ከ294ቱ ወንበሮች 188ቱ ለገዥው ኢሕአዴግ፣ 106ቱ ለተቃዋሚው ቅንጅት ሆኑ። ከ3 ወንበር ከ1 በላይ ማለት ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ አዋጅ ላይ ሁለት ሐሳብ ሊሰማ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ምርጫውን የተከተለው ግርግርና እስር ሆነ። በ2002 ሁሉም 294 ወንበር ለአንድ ፓርቲ ገባ፤ በ2007ም እንደዚያው። በ2013 ተቃዋሚው የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) ጥቂት ሰዎች አስገባ እንጂ ሚዛኑን አልነካውም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን ከታሰሩት ተመራጮች መካከል የክልሉ ምክር ቤት አባል አቶ ዮሐንስ ቧያለው ነበሩ። የተወካዮች ምክር ቤት አባል የነበሩት፣ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴን ይመሩ የነበሩት አቶ ክርስቲያን ታደለም አብረው ታስረዋል። ልብ በሉልኝ፤ የመጀመሪያው ከገዥው ፓርቲ ወገን፣ ሁለተኛው ከአብን ናቸው። ሕገ መንግሥቱ የተወካዮች ምክር ቤት አባል የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል። እስካሁን እንዳየነው፣ ፓርቲውን ያስቀደመ ስሙ ሳይታወቅ ዘመኑን ይጨርሳል። ስሙ የሚታወቀው የታሰረው ነው።

የጎጃም ተመራጭ ታሪክ ለመጻፍ የማይመቸው ለዚህ ይመስለኛል። የባሕር ዳሩ ሰው ሰነፍ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ከነሱም መካከል ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ጤና ጣቢያ አጥብቀው የሚጠይቁ አሉ። ግን የተናገሩትን ማን ሰማላቸው? የትኛው ተወካይ በየትኛው የመሬት አዋጅ ላይ እጁን እንዳወጣ ጎዛምን ወይም ማቻከል ላለ ገበሬ የሚነግረው የለም። የማይታይ ሥራ ደግሞ አያስመሰግንም፣ አያስወቅስምም። ኦባማ እ.ኤ.አ. በ2000 በስሙ ቆሞ በስሙ ተሸነፈ። የማይታወቅ ሰው እንኳን ሊያሸንፍ በወጉ ሊሸነፍም አይችልም።

አንደኛውን ቡና ጠጣን፤ ወደ ቶና ሳንሄድ አንድ አደራ ልስጣችሁ። በሚመጣው ምርጫ ማንም ዕጩ ድምፃችሁን ሊጠይቅ ቢመጣ፣ ለክልል ነው ወይስ ለፌዴራል ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁት። ለክልል ነው ካላችሁ፣ ስለ መሬታችን ምን ልታደርግ ነው በሉት፤ መልሱንም ከነስሙ ጻፉት። ከዓመት በኋላ ለበዓል ሲመጣ ደግሞ ወረቀቷን አውጥታችሁ፣ በየትኛው አዋጅ ላይ ምን ብለህ እጅህን አወጣህ ብላችሁ አፋጥጡት።