ስለ አንድ ሌሊት ግለ ሂስ

ባለፈው ወር በአናቶሚ ፈተና ዋዜማ የማኅበራችን አባላት የጋራ ማስታወሻዎቻችንን ቢፈልጉ ኮምፒውተሩ ጸጥ ብሎባቸው አድሯል። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ኮምፒውተራችን የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ማሽኑ ሲበራ ከርነሉ በቀዳሚነት የሚያስነሣው ፕሮግራም አንድ ነው፤ መለያ ቁጥሩም 1 ነው። ከበስተጀርባ የሚሠሩትን ሌሎች አገልጋዮች የሚቀሰቅሰው እርሱ ነው። የዩኒክስ ሰዎች እነዚህን «ዲመን» ይሏቸዋል፤ እናቴ ብትሰማ ማሽኑን ጠበል ትረጨው ነበር። ቀድሞ፣ በሲስተም ፋይቭ ጊዜ፣ ተራው በስክሪፕቶቹ ስም ላይ በቁጥር ይጻፍ ነበር፤ አንዱ ከዘገየ የኋላው ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቃል። በ2010 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ሲስተምዲ ግን ማን ማንን እንደሚፈልግ አይቶ፣ የማይጠባበቁትን በአንድነት ያስነሣል።

የእኔ ስሕተት ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነው። «ስታርት» ብዬ አዘዝሁ፤ ሠራ፤ ደስ ብሎኝ ሄድሁ። «ኢነብል» ማለቱን ረሳሁ። የፊተኛው ትእዛዝ ለጊዜው ብቻ ነው፤ የኋለኛው ግን ማሽኑ በተነሣ ቁጥር አገልጋዩ እንዲጠራ ማያያዣ ይተክላል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽኑ ተነሣ፤ የማስታወሻውን አገልጋይ ግን የጠራው አልነበረም።

እኔ ስልኬን ዘግቼ በሆስፒታል ተረኛ ነበርሁ። ጧት ስመለስ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በሬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የራሱ መጽሐፍ የለውም። ለፈተናው የቀረው ሁለት ሰዓት ነበር። ትእዛዙን ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

አሁን ሁለቱም ትእዛዞች ተሰጥተዋል፤ ማሽኑንም ሦስት ጊዜ አጥፍቼ፣ አብርቼ አይቻለሁ።