የተቀበረን ፊልም ቆፍሮ ማውጣት ሌብነት ነው ወይ?

ዛሬ ረዘም አድርጌ ነው የምጽፈው። ኤርፖርት ተራ እየጠበቃችሁ ከሆነ አንብቡት፤ እየነዳችሁ ከሆነ ግን ስልኩን አስቀምጡት።

ነገሩ ስለ ባትገርል ፊልም ነው። ዋርነር ብራዘርስ እስከ 90 ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንደተደረገበት የተነገረለትን ይህን ፊልም ስኮትላንድ ግላስጎው ላይ ቀረጸው። ሌስሊ ግሬስ ዋና ተዋናይ ነበረች፣ ማይክል ኪተን የባትማንን ልብስ እንደገና ለብሶ ነበር፣ ብሬንደን ፍሬዘር ደግሞ ክፉውን ሰው ሆኖ ሠርቷል። በኦገስት 2022 ግን ከውህደት በኋላ የመጡት የኩባንያው አለቆች ፊልሙ ሲኒማ ቤትም አይገባም፣ በስትሪሚንግም አይወጣም ብለው ዘጉት። በዚያው ወር ለሠራተኞቹ ብቻ በዝግ እንዲያዩት ተደረገ። ጋዜጦቹ የቀብር ማሳያ አሉት። እርማቸውን እንዲያወጡ ማለት ነው እንግዲህ።

ዳይሬክተሮቹ አዲል ኤል አርቢ እና ቢላል ፋላህ የሚባሉ፣ ቤተሰቦቻቸው ከሞሮኮ የመጡ የቤልጂየም ልጆች ናቸው። የስደተኛ ልጅ ሆሊውድ ደርሶ ይህን የሚያህል ሥራ ሲሰጠው ምን ማለት እንደሆነ እኛ እናውቀዋለን። አዲል መርዶውን የሰማው ሞሮኮ ለሠርጉ ሄዶ ሳለ ነው። ሁለቱ በኋላ እንደተናገሩት አንደኛው ለሌላው ደውሎ በስልክህም ቢሆን ቅረጸው አለው። ያ ሰርቨሩን ሲከፍት ሁሉም ነገር ተነስቷል። የገዛ ሥራቸውን አንድ ቅጂ እንኳ ይዘው አልወጡም።

ይህን ስናወራ አንዳንድ ጓደኞቼ "አንድ ወንድ ከውስጥ ይጥፋ? ኢንተርኔት ላይ ይልቀቀውና እንየው! ማን ይጎዳል?" ይላሉ። ግማሹን እስማማለሁ።

የምስማማው በታክሱ በኩል ነው። በወቅቱ እንደተዘገበው ፊልሙን ከማውጣት ይልቅ እንደ ኪሳራ መዝግቦ ታክስ ማስቀነስ አዋጭ ሆኖ ተገኝቷል። አለቆቹ በበኩላቸው ፊልሙ ለመውጣት የሚበቃ አልነበረም ብለዋል። እኔም በየዓመቱ የነዳሁትን ማይል ቆጥሬ ታክስ አስቀንሳለሁ፤ ይህን የማያደርግ ሾፌር የለም። ግን መኪናዬ ተጋጭታ አልቃለች፣ ዋጋ የላትም ብዬ ካስመዘገብኩ በኋላ ማታ ማታ ሰው ብጭንባት ምን እባላለሁ? ዋጋ የለውም ብሎ ጥቅሙን ያገኘ ኩባንያ በነጋታው "ንብረቴን ዘረፋችሁኝ" ብሎ ቢያለቅስ አንጀቴን አይበላውም። ፊልሙን ገበያ ላይ ስላላወጣው ትኬቱን አሳጣችሁኝ ሊል አይችልም። የእኛን አገር ፊልም ገና ሲኒማ ቤት እያለ ቀድቶ ዩቲዩብ ላይ የሚጭነው ሰው ግን ከፕሮዲውሰሩ አፍ ነው የሚነጥቀው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ልክ አይደለም።

የማልስማማበት ግማሽ ከዚህ ይጀምራል።

በ2009 ዎልቨሪን የሚለው የኤክስ ሜን ፊልም ሊወጣ አንድ ወር ሲቀረው፣ ያላለቀ ቅጂው ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ምስል ገና አልገባም፣ ተዋንያኑ የታሰሩበት ገመድ ሳይቀር ይታይ ነበር። ኩባንያው አልከሰረም፤ አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ብቻ 85 ሚሊዮን ዶላር ሰብስቧል። ቅጂውን ኢንተርኔት ላይ የጫነው ሰው ግን በ2011 የአንድ ዓመት እስር ተፈረደበት። ፊልሙን ከስቱዲዮ ያወጣ ትልቅ አለቃ ሲታሰር አልሰማንም። እንግዲህ "አንድ ወንድ ይጥፋ?" የምንለው ማንን ነው? በሰዓት የሚከፈለውን ረዳት ኤዲተር ነው። ሥራውን ያጣል፣ ጠበቃ መቅጠሪያ የለውም፣ ግሪን ካርድ ላይ ያለ ከሆነ ደግሞ መዘዙን አትጠይቁኝ። እኛ ሶፋ ላይ ተቀምጠን ሁለት ሰዓት እንድንዝናና።

ሁለተኛው ነገር አዲል ራሱ የተናገረው ነው። ፊልሙ አሁን ባለበት ሁኔታ ሊወጣ አይችልም፣ የኮምፒውተር ምስሉ አልተሠራም፣ ያልተቀረጸም ትዕይንት ይቀራል ብሏል። ወጥ ሳይበስል ድስቱን ከፍቶ ለእንግዳ ማቅረብ ለባለሙያዋ ውለታ አይደለም። ከዚያ በኋላ "ይኼ ነው እንዴ ያስለቀሳችሁ?" የሚባሉት እነሱ ናቸው፣ ኩባንያው አይደለም። አለቆቹማ "አላልናችሁም?" ይላሉ።

በድብቅ መዘዋወር ሠሪውን የጠቀመበት ጊዜ አለ፣ አልክድም። በ1994 ሊወጣ የነበረው፣ ሮጀር ኮርማን በአንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያሠራው ፋንታስቲክ ፎር ጭራሽ ሳይታይ ተቀበረ። ሰዎች ግን በቪዲዮ ካሴት ከእጅ ወደ እጅ አዳረሱት። ያ ባይሆን እነዚያን ተዋንያን ማን ያስታውሳቸው ነበር? በ2025 አዲሱ ፋንታስቲክ ፎር ሲሠራ አራቱም ለአፍታ ብቅ እንዲሉ ተጋብዘዋል። የእኛውን ኦሮማይንም አስታውሱ። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ ሲለቀም ሰው በድብቅ እየተዋዋሰ ያነበው ነበር፤ ያ ለበዓሉ ግርማ ክብር ነው። በዓሉ ግን መጽሐፉን ጨርሶ፣ ስሙን ጽፎ፣ አንብቡልኝ ብሎ ያወጣ ሰው ነው። በኦሮማይ የደራሲው ፈቃድ ግልጽ ነበር። በባትገርል ደግሞ ሠሪዎቹ አላለቀም እያሉ ነው።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ አዲልና ቢላል ራሳቸው አንድ ቀን "ይኸው እዩት" ካሉ ሥራዬን ጥዬ ያንኑ ማታ አየዋለሁ፤ ኩባንያው ምን ይላል ብዬ አልጨነቅም። ያልታወቀ ሰው ከለቀቀው ግን ሊንኩን አትላኩልኝ።

ጩኸታችንን ደግሞ ሌላ ቦታ ብናውለው ይሻላል። ያው ኩባንያ በ2023 ኮዮቲ ከአክሚ ጋር የሚካሰስበትን ያለቀለት ፊልም እንዲሁ ሊቀብር ሲል ፊልም ሠሪዎቹ ጮኹ። የቴክሳሱ የኮንግረስ አባል ዋኪን ካስትሮ ድርጊቱን ለኢንሹራንስ ገንዘብ ብሎ ሕንፃ ከማቃጠል ጋር አመሳስሎ የፍትሕ ሚኒስቴር እንዲመለከተው ጠየቀ። ፊልሙ በ2025 ለሌላ አከፋፋይ ተሸጠ። ማንም መስረቅ፣ ማንም መታሰር አላስፈለገውም። ታክስ ሲቀነስላቸው ጉድለቱን የምንሸፍነው እኛም ስለሆንን፣ ኪሳራ ብሎ የመዘገበ ኩባንያ ፊልሙን መጀመሪያ ለሠሪዎቹ በሽያጭ እንዲያቀርብ የሚያስገድድ ሕግ ብንጠይቅ ምን ይለናል? ዜግነት የወሰዳችሁ ሰዎች፣ የምርጫ ክልላችሁ ተወካይ ስልክ ቁጥር አለ።