ባለቤቴ እንዳይመረጥ ጸልዬ ነበር

ባለቤቴ ለአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንትነት በተወዳደረበት ሰሞን፣ ገርጂ መብራት ኃይል ባለው ቤታችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ጸሎት ይጸለይ ነበር። እርሱ ሳሎን ተንበርክኮ «ፈቃድህ ከሆነ በሩን ክፈት» ይላል፤ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ «ጌታ ሆይ፣ እባክህ ዝጋው» እላለሁ።

ውድ አንባብያን፣ አትፍረዱብኝ። ዲን በነበረባቸው ሦስት ዓመታት ቅዳሜን ከእኛ ጋር ያሳለፈው በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። እራት ስንቀርብ ስልኩ ይጮሃል፤ ዛሬ የተማሪዎች ምግብ፣ ነገ የውሃ መቋረጥ፣ ከነገ ወዲያ የግቢ ረብሻ። ፕሬዚዳንት ሲሆንማ ለእኛ ምን ሊተርፈን ነው?

አንድ ቀን ይህንኑ ለአባቴ አጫወትኳቸው። አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። «እኔንኮ ሒሳብ ያስተማረኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው» አሉኝ። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ ብዙዎቹም ያስተምሩ ነበር። ይህን አገልግሎት ለማቋቋም ግንባር ቀደም ከነበሩት አንዱ የትምህርት ፋኩልቲ ዲን የነበሩት ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ ናቸው። እኒሁ ሰው በ1969 የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የተማሪዎች መሪ የነበረው ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግሥቱም ወታደሮች ስድስት ኪሎ ግቢ ገብተው የተማሪ ደም ፈሰሰ። ዶክተር አክሊሉ እስከ 1974 ፕሬዚዳንት ሆነው ቆዩ፤ ከዚያ ሚኒስትር፣ በኋላም የዓለም ባንክ የትምህርት ክፍል ዳይሬክተር ሆኑ።

«አየሽ ልጄ» አሉ አባቴ፣ «ወንበሩ እረፍት አልሰጣቸው ይሆናል። እኔ ግን አስተማሪ አገኘሁ።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ የምቆጥረው ከገበታችን የሚጎድለውን ሰው ብቻ ነበር፤ በእርሱ ሥራ ስንት የሰው ልጅ እንደሚማር አስቤው አላውቅም። ሲነጋ ስለ ወጥ ቤቱ ጸሎቴ ነገርኩት። ዝም አለ። ቆይቶ «እኔም ልጆቹን ሳስብ እፈራ ነበር፤ ደካማ እንዳልመስልሽ ብዬ ነው የደበቅሁሽ» አለኝ።

ያኔውኑ ወረቀት አወጣንና ተስማምተን ጻፍን፦ ቅዳሜ ከሰዓት የልጆች ነው፤ በእራት ሰዓት ስልኩ መኝታ ቤት ይቀመጣል፤ የከበደውን ነገር ከሌላ ሰው በፊት እኔ እሰማለሁ።

ውጤቱ መጣ፤ አልተመረጠም። ደስ ይለኛል ያልኩት ሰው፣ ፊቱን ሳይ አለቀስኩ። አሁን ወደ ክፍሉ ተመልሶ ያስተምራል። ወረቀቱ ግን እስከ ዛሬ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል፤ ለካ የሚያስፈልገን ሹመት ሲመጣ ብቻ አልነበረም።

እናንተስ ባለትዳሮች፣ በቤታችሁ በአንድ ጉዳይ ላይ ስንት ዓይነት ጸሎት ይጸለያል?