ክንድ ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት

ከእንዳ ኢየሱስ ወደ መቐለ መሃል የሚወርደውን መንገድ የምታውቁ ይህንን ሰው ታውቁታላችሁ። ሞተሩን ከዩኒቨርሲቲው በር ያወጣል፤ ከተማዋ ከታች ተዘርግታ ትታየዋለች፤ ቁልቁለቱ ራሱ ይዞት ይወርዳል። ሄልሜት አለው፤ ያንጠለጠለው ግን ክንዱ ላይ ነው። ትራፊክ ካየ ጭንቅላቱ ላይ ጣል ያደርገዋል፤ ካለፈ ያወልቀዋል። ከኋላው ያፈናጠጠው ሰው ጭራሽ የለውም።

ስለዚህ ጉዳይ ባነሳሁ ቁጥር የሚመጣልኝ መልስ «ምን አገባህ፣ ጭንቅላቱ የእኔ ነው» የሚል ነው። መልሱን በቀላሉ አላልፈውም። ሰው በገዛ አካሉ ላይ የመወሰን መብት እንዳለው አምናለሁ፤ በተለይ ለዓመታት ሌሎች ሲወስኑለት በኖረ ከተማ ውስጥ ይህ መብት ቀላል ነገር አይደለም። ምክንያቶቹንም አልንቃቸውም። ፀሐይ ሲበረታ ሄልሜት ውስጥ ያልባል። ሌላ ሰው ያላበበትን ማጥለቅ ይቀፋል። ለሠርግ ብላ ሰዓታት ተቀምጣ ሹሩባ የተሠራች ሴት ያንን ከባድ ነገር ላዩ ላይ ጫኚ ብትባል ቅር ይላታል። ከሁሉም ይበልጥ የሚደጋገመው ግን «ቀረባ እዩ» ነው፤ ቅርብ ነው፣ እዚህችው እስከ ሮማናት አደባባይ።

እስቲ ይህን «እዚህችው» እንየው። ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላት ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይላል። ሞተሩ ቆሞ ሳለ እንኳ ወደ ጎን ተጋድሞ በጭንቅላቱ ቢያርፍ፣ ኮብልስቶኑን የሚመታው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው። በሰዓት 40 እየወረደ ከቆመ አይሱዙ ጋር በጭንቅላቱ ቢላተም፣ ምቱ ከ6 ሜትር ከፍታ በጭንቅላት ከመውደቅ ጋር እኩል ነው። መንገዱ 500 ሜትር ሆነ 50 ኪሎ ሜትር፣ ይህ ስሌት አይለወጥም።

የሄልሜት ሥራ ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ጠንካራ መሆን ብቻ አይደለም። የውጭው ቅርፊት ምቱን በሰፊው ይበትነዋል፤ ከውስጥ ያለው ፎም ይጨፈለቅና ጭንቅላቱ የሚቆምበትን ጊዜ በጥቂት ሺህኛ ሰከንዶች ያራዝማል። አንጎልን የሚያደማው ድንገት መቆሙ ስለሆነ ሕይወት የሚተርፈው በእነዚያ ሽርፍራፊ ሰከንዶች ነው። አንዴ የተጨፈለቀ ፎም ወደ ቦታው አይመለስም። ስለዚህ አደጋ ያየ ሄልሜት ውጩ ቢያብረቀርቅም አገልግሎቱ አብቅቷል፤ እሱን ለወንድም ማውረስ ደግነት አይደለም። የግንበኛ ቆብም የሞተር ሄልሜት አይሆንም፤ የተሠራው ከላይ ለሚወድቅ ዕቃ ነው።

ማሰሪያውስ? እንዳ ኢየሱስ የታወቀ ታሪክ አለው። ጣሊያናዊው ሻለቃ ጋሊያኖ በዚህ ኮረብታ ላይ ቤተ ክርስቲያኑን ዙሪያውን መሽጎ ነበር፤ ግንቡ ጠንካራ ነበር፣ መድፍም ነበረው። ምንጩ ግን ከግንቡ ውጭ ነበር። በእቴጌ ጣይቱ ምክር ውሃው ሲያዝበት በጥር 1888 ዓ.ም. ምሽጉን ለቆ ወጣ። ማሰሪያው ያልታሰረ ሄልሜት እንደዚያ ምሽግ ነው፤ ሁሉ ነገር ሞልቶ ዋናው ነገር ጎድሎታል። ሰውየው መሬት ሳይነካ ሄልሜቱ ወልቆ ይሄዳል።

ቁጥር ለሚፈልግ፦ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ምርምር ድርጅት ግምገማ 61 ጥናቶችን አሰባስቦ መርምሮ ነበር። ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል ብሎ ደምድሟል። እንግሊዞች ይህን የተማሩት በታዋቂ ሰው ሞት ነው። «የዐረቢያው ሎረንስ» የተባለው መኮንን በ1935 እ.ኤ.አ. ሁለት ብስክሌተኛ ልጆችን ላለመግጨት ሞተሩን ሲያጥፍ ወድቆ በራስ ጉዳት ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ ከዚያ በኋላ የሞተረኞችን የራስ ጉዳት ማጥናት ያዘ፤ በ1941 ጽሑፉን አሳተመ፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ሞተረኞቹን ሁሉ ሄልሜት አስጠለቀ። ሲቪሉን የሚያስገድደው ሕግ ግን በ1973 ነው የመጣው። በመካከሉ 32 ዓመታት አለፉ፤ ከመከራከሪያዎቹ አንዱም የእኛው «ጭንቅላቱ የእኔ ነው» ነበር። ቬትናም ግን በታኅሣሥ 2007 እ.ኤ.አ. ሕጉን ባጠበቀች ጊዜ ከሞተረኞቿ ከ90 በመቶ በላይ አጠለቁ።

ሌላም መልስ አለ፣ ሳስበው ልቤን የሚነካኝ፦ «ቀኑ ከደረሰ ሄልሜት አያድንም።» መቐለ ውስጥ ይህን የሚል ሰው በዋዛ አይናገርም። ሞት ያለ ምክንያት አንዱን ወስዶ ሌላውን ሲተው አይቷል። ግን ያው ሰው በጦርነቱ ጊዜ የአየር ድብደባ ሲመጣ ልጆቹን አቅፎ ይጠለል ነበር። ያኔ ቀኔ ከደረሰ ብሎ ደጅ ላይ አልቆመም። ከዚያ ሁሉ የተረፈ ወጣት በሰላም ቀን፣ በገዛ ከተማው ቁልቁለት፣ ክንዱ ላይ ሄልሜት እያለው ሲሞት ማየት አልችልም። አልቀበለውም።

«ጭንቅላቱ የእኔ ነው» የሚለውም እስከ መውደቂያው ድረስ ነው የሚሠራው። ከወደቀ በኋላ ጭንቅላቱ የአይደር ሆስፒታል ነው፤ የማታ ተረኛው ሐኪም ነው፤ አልጋ አጠገብ ወለል ላይ የምታድረው እናት ነው። አይደር በጦርነቱ ዓመታት ጓንትና መድኃኒት አጥቶ፣ ሠራተኞቹ ያለ ደመወዝ እየሠሩ የቆየ ሆስፒታል ነው። የራስ ጉዳት ደግሞ ሞት ብቻ አይደለም፤ ስሙን የረሳ፣ ልጁን የማያውቅ፣ ዕድሜ ልኩን የሚጎረስ ሰውም አለ። የሚያጎርሰውን ሰው ማንም ምርጫውን አልጠየቀውም።

ከኋላ የተፈናጠጠውም እንዲሁ። አንድ ሄልሜት ብቻ ካለ እሱ ምን ይመርጣል? ነጠላዋን ሰብስባ በጎን የተቀመጠች እናት የሚይዛት የሹፌሩ ወገብ ብቻ ነው፤ ሲወድቁ እሷም ትወረወራለች። ለሠራተኞቻቸው ሞተር የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶችም እዚህ ላይ ሊያስቡበት ይገባል፤ ለሁለት ሰው የተሠራ መቀመጫ ሰጥቶ አንድ ሄልሜት ማስፈረም ግማሽ ሥራ ነው።

ሀገራችን ስለ ሞተር ስታወራ ብዙውን ጊዜ የምታወራው ስለ ቅሚያና ስለ ጸጥታ ነው። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር እንዳይንቀሳቀስ ስትከለክል ክርክሩ ሁሉ በዚያ ዙሪያ ነበር። ሄልሜት ማድረግን የትራፊክ ሕጋችን ያዛል፤ እኛ ግን ትእዛዙን የምናውቀው ትራፊክ ቆሞ ስናየው ብቻ ነው።

ወንድሜ፣ መብትህን አልነካብህም። ገዝተኸዋል፣ ይዘኸው ወጥተሃል፣ ክብደቱን ክንድህ ችሎታል። ነገ ጠዋት ከእንዳ ኢየሱስ ስትወርድ አጥልቀው፣ ማሰሪያውን አገጭህ ሥር እሰረው። ገንዘብ ስታገኝ ደግሞ ከኋላህ ለምታፈናጥጠው ሰው ሁለተኛ ግዛ።